ካጎነበሰች ደውይልኝ

ጋሽ ይማም መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአራት ቀን በኋላ ነው። የነገረችኝ አትክልት የምትሸጥልኝ ሴት ናት፤ ድንች እየመዘነች፣ እንደ ዋዛ። «እኒያ የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ አበባ ወዳድ ሽማግሌ አረፉ አሉ» አለችኝ። ድንቹን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። ቀብራቸው ላይ አለመድረሴ አንገበገበኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። የሠራሁትን ነገር ከእኔ ሌላ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ሄዱ። ቀጥሎ በዚያ እፎይታዬ አፈርኩ፤ ድንቹን ሳልልጥ መሸ።

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። መሥሪያ ቤቱ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት የነበረች ጣሊያናዊት ሲኞራ አገሯ ስትገባ ቤቱ ለመንግሥት ሆነ፤ ጋሽ ይማምም አብረው ተወረሱ። ይህን ቀልድ የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፣ ራሳቸው ናቸው። «ወንበሩን ቆጠሩ፣ ቁም ሳጥኑን ቆጠሩ፣ መጨረሻ ላይ እኔን ቆጠሩኝ» ይሉና ይስቃሉ። ከሐርቡ በልጅነታቸው መጥተው ሲኞራዋ ዘንድ አትክልተኛ ሆኑ፤ እዚያው ጎለመሱ። ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ነጭ ቆባቸው ከራሳቸው፣ ካኪ ካፖርታቸው ከትከሻቸው አይለይም። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፣ ይልቅ ዝቅ ይላል፤ ሰው ለመስማት ጠጋ ማለት አለበት።

በሰሜን በኩል ባለው በረንዳ ላይ አሥራ አንድ የሸክላ ማሰሮዎች ነበሯቸው። ሲኞራዋ ስትሄድ የተወችላቸው ሦስት ነበሩ፤ የቀሩትን ከዘር ያበዙት እሳቸው ናቸው። አበባዋን ቺክላሚኖ ይሏታል፣ ከሲኞራዋ አፍ እንደሰሙት። አሁን የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ ፈልጋ «ሳይክላመን ነው የምትባለው» ብላ አረመችኝ፤ ለእኔ ግን ቺክላሚኖ ናት። ቅጠሏ ልብ ይመስላል፣ ላዩ ላይ ብርማ ዝንጉርጉር አለው። አበባዋ ከረጅም ቀጭን አንገት ላይ ትቆምና የአበባ ቅጠሎቿን ወደ ኋላ ትገለብጣለች። ደሴ በብርድ በምትንቀጠቀጥበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ እሷ ቀይ ሆና ትደምቃለች። ከተማው ውስጥ ብርድ የሚስማማው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

በገባሁበት ዓመት ግንቦት ላይ የሁሉም ቅጠል ቢጫ ሆነና ረገፈ። አፈሩ መሐል አንድ ድንች የሚያክል ጥቁር ድብልብል ሥር ብቻ ግማሽ ራሱን አውጥቶ ይታያል። እኔም ከመሬት ተነስቼ አዋቂ ሆንኩ።

«ጋሽ ይማም፣ ሞተው የለ እንዴ? ማሰሮዎቹን ለምን አይደፏቸውም?» አልኩ።

«ተኝታ ነው ልጄ። አንቺን ተኝተሽ ሳለ ተሸክመው ቢቀብሩሽ ምን ይሰማሻል?»

አንድ በአንድ ተሸክመው ከደረጃው ሥር፣ ጨለም ያለ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀመጧቸው። ክረምቱን ሙሉ ጠብታ ውሃ አልሰጧቸውም። መስከረም ሊጠባ ሲል እጄን ይዘው ወሰዱኝና ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጥቁር ድብልብል ላይ የአይጥ ጆሮ የምታክል ቅጠል ወጥታለች። «ሰው ቺክላሚኖ የሚገድለው ሁለት ጊዜ ነው። ስትተኛ ሞተች ብሎ ይጥላታል፣ ስትነቃ አዘንኩ ብሎ በውሃ ያሰጥማታል» አሉኝ። ያን ቀን ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ በሻይ ሰዓቴ በረንዳው ላይ መዋል ጀመርኩ። እሳቸውም ሳላስበው አስተማሩኝ። ውሃ ከላይ አያፈሱም። ሳፋ ውስጥ ጥቂት ውሃ ያደርጉና ማሰሮውን ያስቀምጡበታል፤ ከሥር እስኪበቃት ትጠጣለች፣ ከዚያ አውጥተው ያንጠፈጥፏታል። «ራሷ ከረጠበ ትበሰብሳለች» ይላሉ። የደረቀ አበባና ቅጠል በመቀስ አይቆርጡም፤ ከሥሩ ይዘው ጠምዘዝ አድርገው ይነቅሉታል፣ የቀረ ጉቶ ሻጋታ ይጠራልና። ማሰሮዎቹንም አያጠጋጉም፣ በመሐላቸው ነፋስ እንዲያልፍ። ከሁሉ የማልረሳው ግን ማሰሮ አንስተው በመዳፋቸው የሚመዝኑበትን ሁኔታ ነው። ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ከዚያ ለእኔ ያቀብሉኛል።

«ምን አለችሽ?»

«ቀለለችኝ።»

«እንግዲያው ጠምቷታል። ይቺንስ?»

«ከበደች።»

«ጠግባለች። ተያት። ልጄ፣ ይቺ ፍጥረት ሲጠማትም ታጎነብሳለች፣ ውሃ ሲበዛባትም ታጎነብሳለች፣ ሲሞቃትም ታጎነብሳለች። ሌላ አነጋገር አላህ አልሰጣትም። ስለዚህ ሳታነሺ እንዳታጠጪ።»

ይህን የነገሩኝ አንዴ አይደለም። ከእንግዲህ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው «አላወቀችም ይሆናል» ብሎ እንዳያዝንልኝ ነው የማነሳው።

ኃላፊያችን ኮስታራ ሰው ነበር። ኮሪደር ላይ ሲመጣ ወሬያችንን እንውጣለን። አንድ ጊዜ ከማሰሮዎቹ አንዷን ቢሮው አስገባና ከኤሌክትሪክ ምድጃው አጠገብ አኖራት። በሳምንቱ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፣ እንቡጦቿም ሳይፈቱ ደረቁ። ጋሽ ይማም ሳያስፈቅዱ ገብተው፣ ሰውየው ቁጭ ብሎ እያየ፣ ማሰሮዋን አንስተው ወጡ። በሩ ላይ ዘወር ብለው በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው «ጓድ፣ ለእርስዎ ሙቀት የሆነው ለሷ ትኩሳት ነው» አሉት። እኔ በተከፈተው በር ሁሉንም ሰማሁ። ኃላፊው ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ግን አልረሳውም።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ኮምቦልቻ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ፤ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ኃላፊያችን መድረኩ በቀይ አበባ ይሙላ አለ፤ አሥራ አንዱም ማሰሮ እንዲወርድ አዘዘ። ያውም ስብሰባው ከመድረሱ ከሳምንት በፊት፣ አዳራሹ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ። ጋሽ ይማም ለመኑት፤ ሲለምኑ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። «ጓድ፣ ኮምቦልቻ ቆላ ነው። በዕለቱ ጠዋት ይውረዱና ማታ ይመለሱ። ካልሆነም እኔ አብሬ ልውረድ» አሉ። ኃላፊው እንግዳው ደሴም ጎራ ስለሚል ግቢው ያለ አትክልተኛ አይቀርም አለ። እኔ ሰነድ ልጽፍ ሳምንቱን ኮምቦልቻ እንድከርም ታዝዣለሁ። ማሰሮዎቹ ከእኔ ጋር በላንድሮቨር ተጫኑ።

መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል ጠጋ አሉ።

«አደራ ልጄ። ጥላ ቦታ፣ መስኮቱ ተከፍቶ። አሁን አጠጥቻቸዋለሁ፣ አምስት ቀን ውሃ አያሻቸውም። ካጎነበሰች ደውይልኝ። ውሃ አትንኪ፣ ደውይልኝ።»

«አብሽሩ ጋሽ ይማም» አልኩ፤ የሳቸውን ቃል ለሳቸው መልሼ። ሳቁ። ጠመዝማዛውን መንገድ ስንወርድ በየመታጠፊያው ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ እኔም ሹራቤን አወለቅሁ።

አዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ነበር። ጥበቃው አቧራ ይገባል ብሎ መስኮቱን ሁሉ ይዘጋል፤ ሁለት ጊዜ አስከፈትኩ፣ ሦስተኛው ላይ ሰለቸኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ከሰነዱ ቀና ስል አሥራ አንዱም አንገታቸውን ደፍተዋል። በሐሳቤ የመጣብኝ አበባው ሳይሆን የኃላፊያችን ፊት ነው። ስልኩ ከጠረጴዛዬ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ብደውል ጋሽ ይማም «መስኮቱ ተከፍቷል ወይ?» ይሉኛል፤ ምን ልመልስ ነው? ስለዚህ አልደወልኩም። ጆግ ሞልቼ መጣሁና ከላይ፣ ከራሳቸው ላይ፣ አንድ በአንድ አፈሰስኩባቸው። አንዷንም አላነሳሁም። ማታ ነፋስ ሲመጣ ጥቂት ቀና አሉ፤ ውሃው ነው ያዳናቸው ብዬ ኮራሁ። በማግስቱም ሲያጎነብሱ ጠዋትና ማታ አጠጣሁ። ባጠጣሁ ቁጥር ይብስባቸዋል፤ በባሰባቸው ቁጥር እጨምራለሁ።

የስብሰባው ቀን አገዳቸው ከሥሩ እየለቀቀ ተጋደመ። ሲቀርቧቸው ይሸታሉ። በሌላ ነገር ለመተካት ጊዜ አልነበረም፤ ማሰሮዎቹን ጨርቅ አልብሰን መድረኩ ጫፍ ላይ ደረደርናቸው። እንግዳው ሲያልፍ ቆም ብሎ አያቸውና «እነዚህ ጓዶች ደክሟቸዋል መሰለኝ» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊያችንም ሳቀ፣ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ።

ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን ደሴ፣ ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ተሰበሰብን። አንዷ ማሰሮ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጣለች። ኃላፊው «ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም፤ ይህ አሻጥር ነው» አለ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያየው መሬት መሬት ነው። ጋሽ ይማም ማሰሮዎቹ እንዲወርዱ አይፈልጉም ነበር፣ ሲላኩ አንድ ነገር አድርገዋቸዋል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ነሽ የከረምሽው። ውሃ ሰጥተሻል?»

«ሰጥቻለሁ።»

«በማን ትእዛዝ?»

ቀጥሎ ያልኩትን በእንቅልፌም በቁሜም ብዙ ጊዜ መልሼ ሰምቼዋለሁ። «ጋሽ ይማም እንደነገሩኝ ነው ያጠጣሁት» አልኩ።

ጋሽ ይማም ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ቀስ ብለው መጡና ሌባ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱት። ሲያወጡት እስከ አንጓው ጭቃ ነው። ጣታቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ያየሁት ግን ማሰሮ ሲመዝኑ የሚያሳዩትን ፊት ነው።

«ልጅቱ እውነቷን ነው» አሉ። «እንደነገርኳት ነው ያደረገችው። ቆላውን ሳላስብ ቀረሁ።»

ጋሽ ይማም ለትንሽ ትልቁ «ወላሂ» የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ዛሬ ብርድ ነው ለማለት እንኳ ይምላሉ። ያን ቀን አልማሉም። ልብ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቃለ ጉባኤውን የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ካርቦን አስገብቼ በአምስት ቅጂ። «ታይፒስቷ እንደተነገራት ማጠጣቷን አረጋግጣለች» የሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ አንድም ፊደል አልሳትኩም። ጋሽ ይማም ከሥራ ተባረሩ፣ ቀበሌም ሁለት ወር አሰራቸው። ያኔ ትንሽ የነበረችው ልጃቸው ዘሀራ የምሳ ዕቃ ይዛ በቢሮአችን ደጅ ስታልፍ በመስኮት አያት ነበር። ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጠሁ። ጓደኞቼ ብርሃን ፈልጋ ነው አሉ።

ማሰሮዎቹ እንዲጣሉ ታዘዘ፤ እኔ እደፋቸዋለሁ አልኩ። ከግቢው ጀርባ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸውና ሥራቸውን ጨመቅ አደረግሁት። በጣቴ መሐል እየፈረጠ ወጣ። ዘጠነኛዋ ላይ ጠንካራ ነገር ነካሁ። ጎኗ በስብሷል፣ ሌላው ደህና ነው። የተበላሸውን በምላጭ ፋቅኩላት፣ አመድ ነሰነስኩባት፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። ከአልጋዬ ሥር በደረቁ አስተኛኋት። መስከረም ላይ የአይጥ ጆሮ የምታክል ቅጠል አወጣች። አለቀስኩ፤ ደስታ ግን አይመስለኝም።

ከእስር ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ሰፈራቸው ቧንቧ ውሃ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። ልሸሽ ስል ቀድመው ሰላም አሉኝ። ከስተዋል፣ ያስላቸዋል።

«ደህና ነሽ ወይ አስካለ? እናትሽስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው ጋሽ ይማም።»

«እንደው ከዚያ ሁሉ አንዷም አልዳነች?» አሉኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንዷን አድኜያለሁ ካልኩ ግን ወሬው ይቀጥላል፤ እንዴት እንደበሰበሱ ይነሳል፣ ከዚያ እኔ እነሳለሁ። መንገዱ ላይ ሰው አለ። «አንዷም አልዳነች» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ ለሁሉም» አሉና ሄዱ። ዘር የሚያገኙበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም። በኋላ በግቢያቸው ጽጌረዳም ሌላም እንዳሳደጉ ሰማሁ፤ ቺክላሚኖ ግን እንደገና አልኖራቸውም።

ደርግ ወደቀ፤ ፈራሁ የምለው ሰው ሁሉ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዝምታ በማን እንደማሳብብ አላውቅም። ቤታቸው ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ማሰሮዋን ይዤ ሦስት ጊዜ ከቤት ወጥቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ከዚያ አረጁ፣ ከቤት መውጣት ተዉ። እኔም ጡረታ ወጣሁ።

መሞታቸውን በሰማሁ በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ጥቁር ሻርፕ የለበሰች ጎልማሳ ሴት ቆማለች። የአባቷን አፍንጫ አይቼ አወቅኋት።

«እንዴት ዋሉ እትዬ አስካለ? ዘሀራ ነኝ፣ የይማም ልጅ።»

ገብታ ተቀመጠች። እግዜር ያጽናሽ አልኳት፤ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ። ውሃ እንኳ አልነካም አለች፣ ገና ብዙ ቤት ይቀራታል።

«የአባባን ሐቅ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች። «ቀብር ላይ ለነበሩት ተነግሯል። ላልነበሩት ደግሞ እኔና ወንድሜ ቤት ለቤት እየዞርን ነው። አብራችሁ ሠርታችኋል። ያስቀየመዎት፣ የበደለዎት ነገር ካለ ለአላህ ብለው አፉ ይበሉት።»

ወሎ ውስጥ ኖሬ ይህን ልማድ የማላውቅ አይደለሁም። ሟች የሰው ሐቅ ተሸክሞ እንዳይሄድ ቤተሰቡ ይቅርታ ይለምንለታል። ክርስቲያንም ቤት ይመጣሉ፣ ክርስቲያኑም አፉ ብያለሁ ይላል፣ ያልቃል። እኔ ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። እሷ ፈራች፤ አባቷ በእርግጥ የበደሉኝ ነገር ያለ መሰላት።

«ካለ ይንገሩኝ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «አባባ ስለእርስዎ ክፉ ተናግሮ አያውቅም። ‹ያቺ ልጅ እጇ ማሰሮ መመዘን ያውቅ ነበር› ይል ነበር።»

ያኔ ተነስቼ ወደ ጓሮ በረንዳ ወሰድኳት። ማሰሮዋ አሥራ አራት አበባ ይዛ ቆማለች። ዘሀራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅ ሆና በሲኞራዋ በረንዳ ላይ ያየቻቸውን አልረሳችም።

ሁሉንም ነገርኳት። ጆጉን፣ ያልደወልኩትን ስልክ፣ ቢሮ ውስጥ ያልኩትን፣ ቧንቧ ውሃ ላይ የደገምኩትን። በመስኮት አያት እንደነበርም ነገርኳት። ስጨርስ «ሐቅ ያለብኝ እኔ ነኝ፤ አባትሽ ምንም የለባቸው» አልኳት።

እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

«እኛ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ነው የምናውቀው» አለች። «እናቴ እስክትሞት ‹ምን አስቸኮለህ፣ ምን አዘናጋህ› ትለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልመለሰላትም።»

የማሰሮዋን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ።

«የምሳ ዕቃውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ የኔን አፉ ብያለሁ» አለች። «የአባቴንና የእናቴን ግን እኔ አልችልም። እሱ በእርስዎና በአላህ መሐል ነው።»

ማሰሮዋን ውሰጂያት፣ የናንተ ናት አልኳት። ጎንበስ ብላ አነሳቻት፣ በመዳፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ከዚያ መልሳ ቦታዋ አስቀመጠቻት።

«እዚህ ለምዳለች፤ እኔ ዘንድ ፀሐይ ይበዛባታል» አለች። ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጻፈችልኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ለመስማት ጠጋ አልኩ።

«ካጎነበሰች ውሃ አይንኩ። ይደውሉልኝ።»

ትናንት ጠዋት ስነሳ አንዲት ቅጠል ቢጫ ሆና አየሁ። አንገቷን አልደፋችም፤ ደህና ናት። አንዲት ቅጠል ብቻ ናት፣ በዕድሜዋ ብዙ ረግፎላታል፤ ጠምዘዝ አድርጌ መንቀል እችል ነበር። ማሰሮዋን አነሳሁና መዘንኳት። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ።